መኪናው የኪራይ፣ ሜዳው የሰው!

ሰሞኑን ከወጣት አንባቢዎቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። ‹‹ሆቴልና ካፌ ሰለቸን። መኪና ተከራይተን፣ ድንኳን ጭነን፣ አንድ ሌሊት ከከተማ ወጣ ብለን ብናድርስ? ምን ምን እንያዝ?›› የሚል ነው። ደግ ጠየቃችሁ። ግን የሚያዘውን ዕቃ ከመቁጠሬ በፊት አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። እስካሁን ለዚህ ዓምድ ሳልጽፋት ያቆየኋት ሌሊት ናት። ያቆየኋትም ስለማፍርባት ነው።

ለሠርግ የመጣው ልጅ

ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ሰው ደቡብ አፍሪካ የሄደ ጓደኛ ከሌለው ብርቅ ነው። የእኔም ጓደኛ ከዓመታት በፊት ሄዶ፣ መጀመሪያ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ፣ ኋላም የራሱን ከፍቶ፣ በህዳር ወር ለሠርጉ መጣ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እጮኛው እዚያው ሆሳዕና የምትሠራ ልጅ ናት። ለዓመታት በስልክ ብቻ ሲያወሩ የኖሩ ሁለት ሰዎች አሁን ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ በዘመድ፣ በሽማግሌና በሠርግ ዝግጅት መሃል ለብቻቸው የሚያወሩበት አንዲት ሰዓት አጡ። ቤት ሲሉ ዘመድ፣ ካፌ ሲሉ የሰፈር ልጅ... መቼም ትንሽ ከተማ ታውቋት የለ!

ይሄ ጓደኛዬ ስልኩ ውስጥ አንድ ቪዲዮ አለው። አይስላንድ በምትባለው፣ ከእሳተ ገሞራ በተሠራችው ደሴት ላይ የተቀረፀ ነው። አንድ ባልና ሚስት መኪና ተከራይተው፣ የኋላውን አልጋ አድርገው፣ በሩን ወደ ላይ ከፍተው፣ ብርድ ልብስ ለብሰው ቡና ይጠጣሉ። ፊት ለፊታቸው ጥቁር የተቃጠለ ድንጋይ፣ ማዶ በረዶ የለበሰ ተራራ። ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ የሚጮህ ውሻ እንኳን የለም።

‹‹አየህ! መኖር ማለት ይሄ ነው!›› ይለኛል በቀን ሦስቴ።

‹‹እሱ እኮ አይስላንድ ነው፤ አንተ ያለኸው ሆሳዕና ነው።››

‹‹እና እኛ ምን አነሰን? እሳተ ገሞራ ከሆነ ደጃችን ላይ አለልህ!››

በዚህስ አልተሳሳተም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ፣ ከቡታጅራ ብዙም ሳይርቅ አራ ሰይጣን የሚባለውን ክብ ሐይቅ ታገኛላችሁ። ከምድር በታች የቀለጠ ድንጋይ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ከሆሳዕና አልፋችሁ ወደ ከምባታ ስትገቡ ደግሞ ሀምበሪቾ አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ እሳቱ ከጠፋ ዘመን የማይቆጠርለት የእሳተ ገሞራ ተራራ። ዱራሜ ከተማ ከግርጌው ናት። ዛሬ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ስንቱ ላቡን እየጠረገ የሚወጣው እሱ ነው። ከሩቅ ስታዩት በእንሰት ባህር መሃል ብድግ ብሎ የቆመ ደሴት ይመስላል። ‹‹ያው ደሴት በለው!›› አለ ጓደኛዬ። በቃ፣ ነገሩ ተወሰነ።

የልጅቷ እናት ሲሰሙ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ‹‹ታናሽ እህቷ ከሌለች አትወጣም።›› እኔም ለጓደኛዬ፣ ታናሿም ለእህቷ ጠባቂ ሆነን አራት ሞላን።

ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

ጓደኛዬ የያዘው የውጭ መንጃ ፈቃድ ስለሆነ መኪናው በእኔ ስም ተከራየ። ወንበሩ የሚታጠፍ ራቭ ፎር ነው። አከራዩ ጨዋ ሰው ናቸው። ያለ ሹፌር እንደማይሰጡ ነገሩን፤ በሰው በሰው ተለምነው፣ ጠቀም ያለ መያዣ ተቀብለው፣ መታወቂያዬን ኮፒ አድርገው ሰጡን። ባለ ሁለት ገጽ ውል ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ እንደ ጎረምሳ ‹‹ችግር የለም!›› ብዬ ፈረምኩ። አላነበብኩትም።

ታናሽየዋ ግን ስልኳን አውጥታ መኪናውን ዙሪያውን ትቀርፃለች። ጭረቱን፣ የጎማውን ጥርስ፣ የነዳጁን መጠን፣ የወለሉን ምንጣፍ ሳይቀር። ‹‹ምን ታደርጊዋለሽ?›› ብዬ ሳቅኩባት። ‹‹ይቆይ›› አለችኝ።

ባዶ ቦታ ፍለጋ

ሆሳዕና ነዳጅ ሞልተን፣ ዳቦና ቡና ሸክፈን፣ አንድ የከሰል ምድጃና ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ጭነን፣ በአንጋጫ አድርገን ወደ ዱራሜ ወረድን። መንገዱ ደስ ይላል። ግራ ቀኙ እንሰት፣ ባህር ዛፍ፣ ቡና፣ ቤት... ከዚያ እንሰት፣ ቤት፣ ሕፃናት፣ ቤት። ጓደኛዬ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ‹‹እዚህ ጋ አቁም... አይ ቆይ፣ ቤት አለ›› ይላል። ትንሽ ሄደን ‹‹እዚህ... ኧረ እዚህም ሰው አለ!››

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ባዶ ቦታ ስንፈልግ ዋልን። የለም!

አይስላንድ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ የሚኖረው ሕዝብ 400 ሺህ አይሞላም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን ብቻውን ከ680 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ስፋቱ ግን 1,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደውን እናንተ አስቡት። በገጠር ሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ላይ ቆመን ነው እንግዲህ ‹‹ሰው የሌለበት›› የምንለው። እያንዳንዷ ስንዝር መሬት ባለቤት አላት። ሣሯ እንኳን የማን ላም እንደምትግጣት የታወቀ ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጓደኛዬ አንድ ቦታ አገኘ። ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ጀርባ፣ ገደል ቢጤ አፋፍ ላይ ያለች ሜዳ።

‹‹አበቃ! እዚህ ማንም አያየንም። መብራት አጥፍተን ዝም ብለን እንግባ።››

እኔም ደክሞኝ ስለነበር መሪውን ልጠመዝዝ ስል ታናሽየዋ ከኋላ ‹‹የማን መሬት ነው?›› አለች።

‹‹ምን አገባሽ? ለአንድ ሌሊት ነው!››

‹‹አንድ ሌሊትም ቢሆን የሰው ግቢ ነው። አንተ ቤት ጓሮ ማታ የማታውቀው መኪና ቢቆም ምን ትላለህ?››

ጓደኛዬ ተናደደ። ‹‹ልጠይቅ ካልሽ መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል! ለብቻችን ልንሆን አይደል የመጣነው?›› አለ። እጮኛው ዝም ብላ ወደ ውጭ ታያለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ታናሽየዋ ግን በሩን ከፍታ ወርዳ፣ ወደ ላይ ባለው አጥር በኩል እየተጣራች ሄደች።

ትንሽ ቆይታ ከአንድ አዛውንት ጋር ተመለሰች። ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። መሬቱ የእሳቸው ነው። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጨብጠው፣ የማን ልጆች እንደሆንን ጠይቀው፣ ከሆሳዕና መምጣታችንን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

‹‹መኪናው ተበላሽቷል?››

‹‹አይ አባባ፣ ደህና ነው።››

‹‹ታዲያ ለምን ውጪ ታድራላችሁ? ቤት አለ አይደለም እንዴ?››

ይሄንን ለማስረዳት ሞከርን። አዳር... ተፈጥሮ... ኮከብ ማየት... ምናምን አልን። ሰውዬው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ‹‹ኮከቡ እኮ ከቤቴ ደጃፍም ይታያል›› አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። በመጨረሻ ሽማግሌው ተሸነፉ። ግን ከባህር ዛፉ ጀርባ አላስቀመጡንም። ‹‹እሱ አፋፍ ነው፤ ማታ ጅብም ያልፍበታል›› ብለው ከቤታቸው መቶ እርምጃ በማትርቅ ሜዳ ላይ፣ ከአጥራቸው ስር አስቆሙን። ሽንት ቤቱን አሳዩን። ወንድ ልጃቸውንም እንግዳ ማደሩን ለቀበሌው እንዲናገር ላኩት። ባለቤታቸው ትኩስ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ላኩልን። ጓደኛዬ ቆጮውን እየበላም ፊቱ አልተፈታም። ‹‹በቃ፣ ጓሮ ውስጥ አደርን ማለት ነው›› አለኝ በሹክሹክታ።

እኔ ያራገብኩት ከሰል

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ብርዱ መጣ። የህዳር የደጋ ብርድ! ቀን ላብ ያስጠመቀን አገር ሌሊት አጥንት ይሰረስራል። አሰላለፋችን ሴቶቹ ወንበሩ ታጥፎ መኪናው ውስጥ፣ እኛ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሴቶቹ አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ነው የያዙት። እጮኛው ጥርሷ ሲንቀጠቀጥ ሰማን።

ጓደኛዬ ‹‹ከሰሉን እናስገባላቸው›› አለ።

ምድጃውን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። በካርቶን ያራገብኩት እኔ ነኝ። ‹‹ጭሱ እስኪጠፋ ይቆይ፣ ያፍናቸዋል›› ያልኩት አዋቂም እኔው ነኝ! ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሲሆን፣ ከፊት ወንበር ስር ወለሉ ላይ አስቀመጥንላቸው። ‹‹ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቱን ዝጉት›› አልን። ዘጉት። እኛ ወደ ድንኳናችን ገብተን ተኛን። ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት ነበር፤ ለእጮኛው አንድ ነገር አድርጓልና።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመስለኛል፣ በጩኸት ነቃሁ። የሽማግሌው ድምፅ ነው። ‹‹ልጆች! ልጆች! ተነሱ!››

ስንወጣ የመኪናው አራቱም በሮች ወለል ብለዋል። ምድጃው ሣሩ ላይ ተገልብጦ ፍሙ ተበትኗል። ሽማግሌው ታናሽየዋን በብብቷ ይዘው ወደ ሜዳው ይጎትታሉ። እሷ ታስታውካለች። ታላቂቱ ግን... ጓደኛዬ በስሟ ሲጠራት አትመልስም። ሲያነሳት ጭንቅላቷ እንደ ሕፃን ወደ ኋላ ይወድቃል። ትተነፍሳለች፤ ግን አትነቃም።

ሽማግሌው እንዴት መጡ? እንግዳ ደጃቸው አድሮ እንቅልፍ እንቢ ብሏቸው ነው። ‹‹ብርዱ ሲበረታ ጋቢ ልጨምርላቸው ብዬ ወጣሁ›› አሉን በኋላ። ባትሪያቸውን ወደ መስኮቱ ሲያበሩ ውስጡ ቀይ ፍም አዩ። በሩን ሲያንኳኩ መልስ የለም። እሳቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ግን ከዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታቸው በክረምት ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲገኝ ምን እንደሆነ አይተዋል።

ባለቤታቸው ወተት ይዘው እየሮጡ መጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጓደኛዬ ‹‹መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል›› ያለው እውነት ሆነ። አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ደግሞ መንገድ ልምራ ብሎ ከፊት ወንበር ገባ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን፣ በዚያ ብርድ እየተንቀጠቀጥን ዱራሜ ሆስፒታል ደረስን። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሊነጋጋ ሲል እጮኛው ዓይኗን ገለጠች። ‹‹ጭንቅላቴን...›› አለች። ጓደኛዬ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። እኔ አላለቀስኩም። እጄ ላይ የከሰሉ ጥላሸት እስካሁን አለ፤ እሱን ነው የማየው።

ሐኪሙ የነገረን

ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣንም። በእርጋታ ነው ያስረዳን። እናንተም ስሙት።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቅበታል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። ጭሱ መጥፋቱ መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ያወጣል። የእኔ አዋቂነት የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ከዚያ ድካም። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሄዳል።

‹‹መስኮት ትንሽ ብንከፍትስ?›› ብዬ ጠየቅኩት። ‹‹በትንሽ መስኮት አትመኑ። የተኙበት ክፍል ውስጥ ከሰል አይገባም፤ አለቀ›› አለኝ። ስለ ወተቱም ጠየቅነው። ወተት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሷን ለሳተች ልጅ አፍ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ትንታ ሆኖ ይገድላታል። የሚያድነው ቶሎ ወደ ንፁህ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በጓደኛዬና በእኔ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ከባህር ዛፉ ጀርባ ነበር ያደርነው። ማንም አያየንም ነበር። ማንም!

እንግዲህ ምክሩ

‹‹ታዲያ አትሂዱ ልትለን ነው?›› ካላችሁኝ፣ አይደለም። ሂዱ። አገራችሁን እዩ። ግን እንዲህ አድርጉት፦

1ኛ. ውሉን አንብቡ። እኛ መኪናውን ስንመልስ ምድጃው የወለሉን ምንጣፍ ክብ አድርጎ አቃጥሎታል። ሳላነብ የፈረምኩት ውል ላይ ‹‹በመኪናው ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው›› የሚል መስመር ነበረበት! ባነበው ኖሮ ምንጣፉን ሳይሆን ሁለት ሰው ያተርፍልኝ ነበር። ከመያዣው ተቆረጠብኝ፤ ተገቢ ነው። የኋላውን በር አሮጌ ጭረት ግን የታናሽየዋ ቪዲዮ አዳነን፤ አከራዩ አይተው ‹‹ይሄስ የነበረ ነው›› አሉ። ስለ መድኑም ጠይቁ። የሶስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ግን በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት እንጂ እናንተ ለያዛችሁት መኪና ማሠሪያ አይከፍልም። መኪናው ለኪራይ አገልግሎት መድን ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ ቁልፍ አትቀበሉ።

2ኛ. ቦታውን ሳይመሽ ምረጡ፣ ባለቤቱን ጠይቁ። የጓደኛዬን ቪዲዮ ነገር በኋላ አጣራሁት። እዚያ አይስላንድ እንኳን ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ ለአዳር ከተዘጋጀ ቦታ ውጭ በመኪና ማደር የሚቻለው የመሬቱ ባለቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቪዲዮው ላይ ሰው አይታይም እንጂ ፈቃዱ አለ ማለት ነው። እኛ አገርማ ፈቃድ ከወረቀት ይልቅ ሰላምታ ነው። ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ። ለቀበሌውም አሳውቁ። ስለ መንገዱ ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ገንዘብ ከመምዘዝ ይልቅ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያስተናግዳችሁን ሰው አታሸማቅቁት።

3ኛ. ብርድን በልብስ እንጂ በእሳት አትዋጉ። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከስራችሁ ካርቶንና ፍራሽ አንጥፉ። ቀን ላብ የነካውን ልብስ ቀይሩ። ለአንድ ሰው አንድ ጋቢና አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ቁጠሩ። ውጪ ላይ ውሃ አሙቃችሁ ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ ጠንካራ ዕቃ አድርጉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ስር አስገቡት። ከሰልም ሆነ ቡታ ጋዝ ድንኳንም ሆነ መኪና ውስጥ አይገባም። ‹‹ሞተሩን አስነስተን በማሞቂያው እንተኛ›› የምትሉም እንዳትሞክሯት፤ የጭስ ማውጫው በጭቃ ወይም በሣር ከታፈነ ወይም ቀዳዳ ካለው ያው መርዝ ወደ ውስጥ ይገባል።

4ኛ. መኪናውን እዩት። ስኮርታ ጎማው ነፋስ አለው? ክሪኩ አለ? የእጅ ፍሬኑ ይይዛል? ነዳጅ ከሆሳዕና ሳትወጡ ሙሉ፤ ሰልፍ ካለም ተሰለፉ። በማታ አትንዱ፤ መንገዱ የከብትና የሰው ነው። ስታቆሙ ደልዳላ ላይ፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ መውጫው ዞሮ ይሁን። እኛን በዚያ ሌሊት አንድ ነገር የረዳን ቢኖር ሽማግሌው ‹‹አዙረህ አቁመው›› ብለውኝ ስለነበር ነው።

5ኛ. ቦታውን ለዩት። ሀምበሪቾ ላይ ጠላታችሁ ብርድ ነው። የሻሾጎው ቦዮ ሐይቅ ዳር ከወረዳችሁ ወባና ጭቃ አለና አጎበር ያዙ፤ ዝናብ ከመጣም ከውሃው ራቁ። በወላይታ በኩል ያለውን የአጆራ መንትያ ፏፏቴ፣ ሶኬንና አጃጮን፣ ለማየት ከሄዳችሁ ገደሉ ጥልቅ ነው፤ ቀን እዩት፣ ማታ ከአፋፉ ርቃችሁ እደሩ። የትም ብትሄዱ ላስቲካችሁንና ሀይላንዳችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ። የሰው ላም የምትግጥበት ሣር ነው።

6ኛ. የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ከተማ ያለ አንድ ዘመድ፣ አጠገባችሁ ያለ አንድ ጎረቤት። ፍቅረኛሞች ለብቻ መሆን ብትፈልጉ አይፈረድባችሁም። መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ቤት መኖሩ ጨዋታችሁን አያሰማም፤ ጩኸታችሁን ግን ያሰማል።

ሠርጉስ?

ለእናትየዋ እንንገር አንንገር ብለን ስንከራከር የወሰነችው ራሷ ሙሽሪት ናት። ነገረቻቸው። እናትየዋ ለሳምንት ያህል አላነጋገሩንም፤ እኔን እስከ ዛሬም በጎን ነው የሚያዩኝ። ሠርጉ ግን በጥር ተደገሰ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ከከምባታ መጥተው ከሙሽራው አባት አጠገብ ተቀመጡ። አተካናው ሲቀርብ ቅቤው የፈሰሰበትን ከፊታቸው አደረግንላቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ያን ሌሊት ያለበሱንን ጋቢ አጥቤና አጥፌ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና ጥቂት ካሰቡ በኋላ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

‹‹ደግሞ ውጪ ልደር ማለትህ አይቀርም›› አሉኝ። ‹‹ያዘው።››

ጋቢው አሁን መኪና በተከራየሁ ቁጥር የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። የከሰል ምድጃዋ ግን ቤት ቀርታለች።

እስቲ እናንተም ከከተማ ወጥታችሁ ያደራችሁበትን ጻፉልኝ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!